ድሮን ስታበሩ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ቢመጣ

«በረረ» ከሚለው የማይሻገር ግስ «አበረረ» የሚለው ተሻጋሪ ግስ ይወጣል፤ ከእርሱም «አብራሪ» የሚለው ስም ይገኛል። እንግዲህ አብራሪ ማለት ሌላውን ነገር እንዲበር የሚያደርግ ማለት እንጂ ራሱ የሚበር ማለት አይደለም። ሆኖም የአውሮፕላን ወይም የሄሊኮፕተር አብራሪ እያበረረ ራሱም አብሮ ይበራል። ድሮን የሚያበር ሰው ግን እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ መቆጣጠሪያውን በእጁ ይዞ፣ መሣሪያውን ብቻ ወደ ላይ ይልካል። በቋንቋችን ሁለቱም «አብራሪ» ይባላሉ። ነገር ግን ሁለቱ በአየር ላይ ቢጋጩ አንደኛው የሚያጣው ዕቃውን ሲሆን፣ ሌላው የሚያጣው ሕይወቱን ሊሆን ይችላል። በዚህ ምንባብ የምትመለከቱት ይህ እኩል ያልሆነ አደጋ እንዴት እንደሚመጣና መሬት ላይ የቆመው አብራሪ እንዴት ሊያስቀረው እንደሚችል ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። «ድሮን» የሚለው ቃል ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ጦር መሣሪያ ይሄዳል። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን ስለ ሌላው ነው፤ ይኸውም አራት ትንንሽ ማራገቢያዎች ያሉት፣ ካሜራ የተገጠመለት፣ ከሩብ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ ሰዎች ለመዝናናትና ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያበሩት መሣሪያ ነው። ምሳሌዎቻችንንም በብዛት የምንወስደው ከአሜሪካ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ይህን መሣሪያ ለጨዋታ የሚያበሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የደረሱት ግጭቶችም በመርማሪዎች ተጣርተው ለሕዝብ ይፋ ሆነዋል።

በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ መሠረት ለመዝናናት ድሮን የሚያበር ሰው መሣሪያውን ከመሬት በላይ ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ ከፍ ማድረግ የለበትም። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሰው የተሳፈረበት አውሮፕላን በበኩሉ ለመነሣት ወይም ለማረፍ ካልሆነ በስተቀር፣ በተጨናነቁ ከተሞች ላይ ከ1,000 ጫማ፣ ከዚያ ውጭ ባለው አገር ደግሞ በአብዛኛው ከ500 ጫማ በታች እንዳይወርድ ታዟል። ይህን ያነበበ ሰው «ድሮን ከ400 ጫማ በታች፣ አውሮፕላን ከ500 ጫማ በላይ ከሆኑ በመካከላቸው 30 ሜትር አለ፤ ታዲያ ከየት ይገናኛሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ከደንቡ ሳይሆን ከደንቡ ውጭ ከተተዉት ነው።

ሄሊኮፕተሮች ከተጠቀሰው ከፍታ በታች እንዲበሩ ይፈቀድላቸዋል። በሽተኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር በሆስፒታል ጣሪያ ላይ ወይም የመኪና አደጋ በደረሰበት መንገድ ዳር ያርፋል፤ የሚያርፍበትንም ስፍራ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። የፖሊስ ሄሊኮፕተር የጠፋ ሰው ለመፈለግ ዝቅ ብሎ ይዞራል። የኤሌክትሪክ መስመር የሚመረምረው ደግሞ ከሽቦው ጎን ለጎን ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ዝቅ የሚለው ግን በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ነው። ይህ አውሮፕላን ከሰብሉ ጫፍ ሦስትና አራት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ያልፋል፤ በማሳው ዳር ሲደርስ ሽቅብ ተነሥቶ ይዞርና መልሶ ይወርዳል። አብራሪው ዓይኑን ከዛፍ፣ ከምሰሶና ከሽቦ ላይ አያነሣም፤ ከእነዚህ አንዱን ሳያይ ቢቀር ሁለተኛ ዕድል እንደሌለው ያውቃልና። በዚህ ጊዜ በማሳው ጥግ ላይ የተንሳፈፈች ትንሽ ድሮን ለእርሱ ያልተነገረች ምሰሶ ናት።

ነገሩን በእውነተኛ ታሪክ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2017 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ስታተን አይላንድ በተባለው ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ብላክ ሆክ የተባለ የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር በ300 ጫማ ከፍታ ላይ ሲበር ከአንድ የመዝናኛ ድሮን ጋር ተጋጨ። ጊዜው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። ከላይ ከሚሽከረከሩት የሄሊኮፕተሩ ክንፎች አንዱ በፊት ጠርዙ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ስርጉደት ደረሰበት፤ ይሁን እንጂ ሄሊኮፕተሩ በሰላም አረፈ። ከዚያ በኋላ በአካሉ ላይ ሲፈተሽ የድሮን ሞተርና የክንዱ ስባሪ ተገኘ። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች በሞተሩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ተከትለው ባለቤቱን ደረሱበት።

የባለቤቱ ሁኔታ ከግጭቱ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ሰውዬው የቆመው ከባሕሩ ማዶ፣ ብሩክሊን ውስጥ በሚገኝ መናፈሻ ሲሆን፣ ድሮኑ ከእርሱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ከዚህ ርቀት ላይ ድሮኑን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሰውዬውም ይመለከት የነበረው መቆጣጠሪያው ላይ የተገጠመውን መስተዋት ብቻ ነው። ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ ድሮኑ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ፤ ሲቀርበት ደግሞ ባሕር ውስጥ ወድቋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሄሊኮፕተር ጋር መጋጨቱን ያወቀው መርማሪዎቹ ሲጠይቁት ነው። በተጨማሪም በዚያን ሰሞን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ምክንያት በአካባቢው ድሮን ማብረር ተከልክሎ ነበር። እርሱ ግን የተከለከለ ነገር ቢኖር መሣሪያው ራሱ ይነግረኛል ብሎ ተማምኖ ነበር፤ መሣሪያው አልነገረውም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ድሮኑ የበረረው ከ400 ጫማ በታች ነው። በከፍታ ረገድ ሰውዬው ደንቡን አላፈረሰም ማለት ነው። ያፈረሰው ሌላውንና ዋነኛውን ደንብ ነው፤ ይኸውም ድሮኑን ያለ መሣሪያ እገዛ በገዛ ዓይን እያዩ ማብረር የሚለውን ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ደንብ የሚረዱት ድሮኑ እንዳይጠፋ ሲባል የወጣ አድርገው ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን በድሮኑ ዙሪያ ያለውን ሰማይ ማየት እንዲቻል ነው። ካሜራው የሚያሳየው ፊት ለፊቱን ብቻ ሲሆን፣ ሄሊኮፕተር ግን ከኋላም፣ ከጎንም፣ ከላይም ይመጣል።

ሁለተኛው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2025 በሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ በተባለው አካባቢ ከባድ ሰደድ እሳት ተነሣ። ከካናዳ የመጡ፣ ከውሃ ላይ እየጠለቁ በእሳቱ ላይ የሚያፈሱ አውሮፕላኖች ሥራ ላይ ነበሩ። ጥር 9 ቀን አንድ ሰው በሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ሆኖ እሳቱን ለማየት ድሮን አስነሣ። ድሮኑ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ቀጥሎም ሁለት ሰዎች ከተሳፈሩበት አንድ የእሳት ማጥፊያ አውሮፕላን ግራ ክንፍ ጋር ተጋጨ። ክንፉ ላይ የስምንት በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ተከፈተ። አውሮፕላኑ በሰላም ቢያርፍም ለጥገና ከሥራ ወጣ፤ ሰውዬውም በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኖ ከ65,000 ዶላር በላይ የሆነውን የጥገና ወጪ ሊከፍል ተስማማ። ገንዘቡ ይከፈል ይሆናል፤ አውሮፕላኑ በቆመባቸው ቀናት ያልፈሰሰውን ውሃ ግን በገንዘብ መመለስ አይቻልም።

ትንሽ ዕቃ ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ የሚያስደንቃችሁ ከሆነ በፊዚክስ ትምህርታችሁ ያገኛችሁትን አስታውሱ። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 60 ሜትር ከሚጓዝ አውሮፕላን ጋር የተጋጨ አንድ ኪሎ ድሮን የሚያሳርፈው ምት፣ የነፋስን መከላከል ብንተወው፣ ከ180 ሜትር ከፍታ ላይ ከተለቀቀ አንድ ኪሎ ድንጋይ ምት ጋር ይተካከላል። ወፍም እኮ ከአውሮፕላን ጋር ትጋጫለች የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው ግን ተመሳሳይ ክብደት ካላቸው ወፍና ድሮን የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ድሮኑ ነው። ወፍ ሥጋና ላባ ናት፤ ሲመታት ትፈርሳለች። የድሮን ሞተር፣ ባትሪና ካሜራ ግን ጠንካራ ናቸው።

«አውሮፕላኑ ያለው ሰው አይቶ ይሸሸኝ» ማለት ለምን እንደማያዋጣ ደግሞ እናስላ። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድሮን ከ500 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ ከሜትር ተኩል ርቀት ስትታይ የምታህለውን ያህላል። ጤፏን ነጭ ወረቀት ላይ አኑራችሁ ብትሞክሩት ታይዋት ይሆናል፤ አብራሪው የሚፈልገው ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን በዛፍ፣ በቤትና በደመና መካከል ነው፤ ያውም መኖሯን ሳያውቅ። ከዚህም ሌላ ሁለት የሚገናኙ ነገሮች አንዱ ለሌላው በመስተዋቱ ላይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የቆመውን ፈጥኖ አይለይም። 500 ሜትሩን አውሮፕላኑ የሚጨርሰው በስምንት ሰከንድ ገደማ ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ያወጣው መመሪያ አንድ አብራሪ አንድን ነገር አይቶ፣ ለይቶ፣ ወስኖ፣ መሪውን አንቀሳቅሶ፣ አውሮፕላኑም ምላሽ እስኪሰጥ ድረስ 12.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ስምንት ከአሥራ ሁለት ተኩል ያንሳል። ስለዚህ መንገዱን የመልቀቅ ግዴታ ሁልጊዜ የድሮን አብራሪው ነው፤ ሕጉም እንዲሁ ይላል።

ለእናንተስ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ? በሰከንድ 60 ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር አንድ ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ብታዩት ከእናንተ ዘንድ ለመድረስ 17 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በ120 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ድሮን ደግሞ በሰከንድ አራት ሜትር ቢወርድ መሬት ለመድረስ 30 ሰከንድ ይፈልጋል። ሄሊኮፕተሩ ሲደርስ ድሮኑ ገና ከ50 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ይህም ሳትዘገዩ ወዲያው ከጀመራችሁ ነው። ከዚህ ስሌት የሚገኙት ምክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ያለ በቂ ምክንያት ድሮኑን ወደ ላይኛው ወሰን አታውጡት፤ በ40 ሜትር ላይ ያለ ድሮን በአሥር ሰከንድ መሬት ይደርሳል። ሌላው ደግሞ ዓይናችሁን ሳይሆን ጆሮአችሁን አስቀድሙ። የሄሊኮፕተር ድምፅ ብዙ ጊዜ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል። እርግጥ ኮረብታ ድምፁን ሊጋርደው፣ ነፋስም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ ድሮን ማብረር ግን ከሁለቱ ዓይኖች አንዱን ጨፍኖ መኪና እንደ መንዳት ነው።

ድምፁን የሰማ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያ ስሕተት ቀና ብሎ መገመት ነው። «የእኔ ዝቅ ያለ ነው፤ የእርሱ በላዩ ያልፋል» ይላል። በአስተማሪነቴ ዘመን ተማሪዎች የሰንደቅ ዓላማችንን ምሰሶ ቁመት በዓይናቸው እንዲገምቱ ባደረግሁ ቁጥር አንዱ የሌላውን እጥፍ ይናገር ነበር፤ ምሰሶው ግን መሬት ላይ የተተከለና በየማለዳው የሚያዩት ነው። ባዶ ሰማይ ላይ ማነጻጸሪያ የለም። ትንሽ ነገር በቅርብ፣ ትልቅ ነገር በሩቅ ሆነው እኩል ይመስላሉ፤ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች መሆኑን መለየት አይቻልም። ስለዚህ አትገምቱ፤ አውርዱ።

ሁለተኛው ስሕተት ብዙም አይነገርለትም፤ አደገኛነቱ ግን ከፊተኛው አያንስም። በአብዛኞቹ ድሮኖች መቆጣጠሪያ ላይ መሣሪያውን ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመልስ ቁልፍ አለ። የደነገጠ ሰው እጁ ወደዚህ ቁልፍ ይሄዳል። ነገር ግን ብዙዎቹ ድሮኖች ይህ ቁልፍ ሲነካ በመጀመሪያ የሚያደርጉት ዛፍና ሕንፃ እንዳይመቱ ሲሉ ቀድሞ ወደ ተወሰነላቸው ከፍታ መውጣት ነው። በ30 ሜትር ላይ የነበረው ድሮን ሄሊኮፕተሩ ወደሚያልፍበት ከፍታ ይነሣል ማለት ነው። እንግዲያው ቁልፉን ተዉት፤ ድሮኑን በእጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከአደጋው ቀን በፊት ተለማምዳችሁ ቢሆን ይበጃል።

ሦስተኛው ስሕተት ካሜራውን ወደ አውሮፕላኑ ማዞር ነው። ስለዚህኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም።

በአንዳንድ ድሮኖች ላይ አውሮፕላኖች ያሉበትን ስፍራ እየገለጹ የሚልኩትን የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ተገጥሟል። ጠቃሚ ነው፤ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ሆኖም ዝቅ ብለው ከሚበሩት መካከል ይህን ምልክት የማይልኩ አሉ፤ መሣሪያው ዝም ማለቱም ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ ይልቅ ርካሽና የታመነ የሚሆነው ከጎናችሁ የሚቆም ጓደኛ ነው። እናንተ ድሮኑን ስትመለከቱ እርሱ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ሲያይም ሆነ ሲሰማ «አውርድ!» ይላል፤ እናንተም ለምን ብላችሁ ሳትጠይቁ ታወርዳላችሁ። ፊትን የሚሸፍን መነጽር አድርጎ በካሜራው ዓይን የሚያበር ሰው እንዲህ ያለ ጓደኛ አጠገቡ እንዲኖር በአሜሪካ በሕግ ይገደዳል።

በአገራችን ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ ማብረር የተከለከለ ነው። በውጭ አገር ያለ ዘመድ በስጦታ ቢልክላችሁ እንኳ አስቀድሞ የሚመለከታቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ ግድ ነው። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ግን ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ መንጋ በብዙ የአገራችን ክፍሎች በተዛመተ ጊዜ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በማሳና በግጦሽ ላይ ዝቅ እያሉ ፀረ ተባይ ሲረጩ ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ፈቃድ አግኝቶ ለካርታ ሥራ ወይም ለሰብል ቅኝት ድሮን የሚያበር ባለሙያ ከእነዚህ ጋር ሊገናኝ ይችላልና፣ ወደ አንድ ቀበሌ ሲገባ በዚያ ሳምንት ርጭት መኖር አለመኖሩን የግብርና ሠራተኛውን ጠይቆ መጀመሩ ብልህነት ነው።

አሁን ደግሞ አውሮፕላኑ በእርግጥ መጣ እንበል። ድምፁን ሰማችሁ፤ ድሮኑን ማውረድ ጀመራችሁ። እግራችሁ ሥር ለማሳረፍ ጊዜ ከሌለ ከዛፎቹ ጫፍ በታች አድርጉት፤ አውሮፕላን በዛፎች መካከል አይበርም። ከሥሩ ያለው ወንዝ ወይም ቁጥቋጦ ቢሆንና ድሮኑ የሚጠፋ ቢመስላችሁም ከማውረድ አትታቀቡ። ሄሊኮፕተሩ በአቅራቢያችሁ ሊያርፍ መሆኑን ካያችሁ ደግሞ ድሮኑን አሳርፋችሁ ማራገቢያዎቹን አጥፉ፤ ከሄሊኮፕተሩ ሥር የሚወጣው ነፋስ ትንሿን መሣሪያ አንሥቶ ሊወረውራት ይችላልና።

ካለፈ በኋላ ወዲያው አታስነሡ። ፀረ ተባይ የሚረጭ አውሮፕላን ማሳውን በአንድ ጊዜ አይጨርስም፤ ከዛፎቹ ጀርባ ዞሮ በመጣበት መስመር ጎን ይመለሳል፤ ታንኩ ሲያልቅም ሞልቶ እንደገና ይመጣል። በሽተኛ ለማንሣት ያረፈ ሄሊኮፕተር ሞተሩን ሳያጠፋ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ከሄሊኮፕተር ኋላ ደግሞ ሁለተኛ ሄሊኮፕተር ሊከተል ይችላል፤ በስታተን አይላንድም ሁለት ነበሩ። ስለዚህ ድሮኑ ሣሩ ላይ እንዳለ፣ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቁ፤ ከጠፋም በኋላ ጓደኛችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ደግሞ እስኪያይ ድረስ ቆዩ።